ግቢ ውስጥ አልወርድ ያለ ፋይል፦ ከልካዩን ለይቶ የማስፈቀድ መንገድ

አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። ድሬ ነን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። ለመመረቂያ ጽሑፏ 700 ሜጋባይት የሚሆን የሳተላይት ምስል ማውረድ አለባት። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ሞክራለች። ሦስቴም ስልሳ ምናምን ፐርሰንት ሲደርስ ተቆረጠባት። «አቦ፣ ይሄ ግቢ ዘግቶብኛል!» አለችኝ። እንባዋ ዓይኗ ላይ ነበር።

ቁጭ ብለን አብረን አየነው። ፋይሉን የዘጋው ሰው የለም። የዋይፋዩ ሎግኢን በየአንድ ሰዓቱ ያልቃል። ፍጥነቱ ደግሞ ወደ 1 ሜጋቢት ወርዷል። በዚያ ፍጥነት 700 ሜጋባይት ለማውረድ 93 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስልሳኛው ደቂቃ ላይ ሎግኢኑ ሲያልቅ ፋይሉ 64 ፐርሰንት ላይ ደርሷል። ሦስቴም አንድ ቦታ የቆመው ለዚህ ነው። ሃምሳ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ማውረዱን ፖዝ አደረግነው። ወጥታ እንደገና ሎግኢን አደረገች። ከቆመበት ቀጠለ፤ አለቀም።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ተዘግቶብኛል» ብሎ ለሚመጣ ሁሉ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ነው የዘጋብህ? ከልካዩ ብሮውዘሩ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። ሎግኢኑ፣ የግቢው ፋየርዎል (ወደ ግቢው የሚገባውንና የሚወጣውን የኢንተርኔት ትራፊክ የሚያጣራው) ወይም ፋይሉ የተቀመጠበት ድረ ገጽ ራሱ ሊሆን ይችላል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም። ብሮውዘሩ የከለከለውን ፋይል አይሲቲ ቢሮ (የግቢውን ኔትወርክ የሚያስተዳድረው ክፍል) ሄዳችሁ ብትለምኑ ማንም አይከፍትላችሁም። ፋየርዎሉ የከለከለውን ደግሞ ብሮውዘር በመቀያየር አታገኙትም።

የምጽፈው ድሬ ሆኜ ነው። ሐረማያም ሆናችሁ ሐረር ያለው የጤና ግቢ፣ ነገሩ ያው ነው። የሎግኢን ገጹ መልክና የቢሮው በር ቢለያይ ነው።

አንደኛ፦ የመጣውን ጽሑፍ አንብቡት፣ ፎቶ አንሡት

ብዙ ሰው የስህተት መልእክት ሲመጣ ቶሎ ይዘጋዋል። አትዝጉት። መልሱ ግማሹ እዚያ ላይ ነው። ክሮም ላይ ኮንትሮልንና «ጄ» የሚለውን ፊደል አብራችሁ ስትጫኑ የወረዱና የተቋረጡ ፋይሎች ዝርዝር ይከፈታል። ከፋይሉ ስም ሥር የተጻፈውን ቃል በቃል እዩት። ስክሪንሾት አንሡ። ሰዓቱንም ማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ኋላ በጣም ይጠቅማችኋል።

ቫይረስ ተገኘ የሚል ከሆነ፣ ያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ የራሳችሁ ኮምፒውተር ነው። «ኢንሴኪዩር ዳውንሎድ ብሎክድ» ካለ ብሮውዘሩ ነው። የዩኒቨርሲቲው ዓርማ ያለበት ወይም ፖሊሲ የሚል ቃል ያለበት ሙሉ ገጽ ከመጣ የግቢው ፋየርዎል ነው። ቁጥር ከመጣ ቁጥሩን ያዙ። 404 ማለት ፋይሉ እዚያ አድራሻ ላይ የለም ማለት ነው፤ ሊንኩ አርጅቷል፤ ማንም አልከለከላችሁም። 407 ማለት በመሃል ሆኖ ጥያቄያችሁን የሚያስተላልፈው ሰርቨር (ፕሮክሲ) ማንነታችሁን እየጠየቀ ነው። 403 ግን ተንኮለኛ ነው። «አይፈቀድም» ይላል፤ ማን እንዳልፈቀደ ግን አይናገርም። ድረ ገጹም ሊለው ይችላል፣ ፋየርዎሉም ሊለው ይችላል። ለእሱ ቀጥሎ ያለውን ሙከራ ማድረግ ነው።

ጉግል ድራይቭ ላይ ደግሞ ለብቻው የሚታወቅ ጉዳይ አለ። አንድን ፋይል በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው ሲያወርደው፣ ጉግል ራሱ ለጊዜው ይዘጋዋል፤ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። መምህሩ የላከውን ሊንክ ሁለት መቶ ተማሪ ፈተና ሊደርስ ሲል በአንድ ሌሊት ሲከፍተው የሚሆነው ይኸው ነው። መፍትሔው መጠበቅ ነው። ወይም መምህሩ ሌላ ኮፒ እንዲጭን መጠየቅ።

ሁለተኛ፦ ሦስቱ ሙከራዎች

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ያንኑ ፋይል በሞባይል ዳታ ሞክሩት። ስልካችሁን ሆትስፖት አድርጉና ላፕቶፑን አገናኙ። ሙሉውን ማውረድ አያስፈልግም። የፈለጋችሁት መጀመሩን ማወቅ ብቻ ነው፤ አምስት ወይም አሥር ሜጋ ሲደርስ አቁሙት። እንደተገናኛችሁ ግን ወዲያው ዊንዶውስ ላይ የግንኙነቱን ሴቲንግ ክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። ካልሆነ ዊንዶውስ ሳትሰሙት አፕዴቱን ማውረድ ይጀምርና ፓኬጃችሁን ጥርግ አድርጎ ይበላዋል። ድሬ ላይ ሁለት ሲም የያዘ ሰው ብዙ ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 የጀመረው እዚሁ ከተማችን ነው። ሁለት ሲም ካላችሁ በሁለቱም ሞክሩት።

ቀጥሎ በግቢው ዋይፋይ ሌላ ፋይል አውርዱ። ትንሽ ፒዲኤፍ ከሌላ ድረ ገጽ። ይወርዳል? ከወረደ ኔትወርኩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ከዚያ ፋይል ወይም ከዚያ ድረ ገጽ ጋር የተያያዘ ነው።

ከዚያ ያንኑ ፋይል በጓደኛችሁ ላፕቶፕ፣ በዚያው ዋይፋይ ሞክሩት። እሱ ጋ ከወረደ ችግሩ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ነው። አይሲቲ ቢሮ መሄድ አያስፈልግም።

በዳታ ይወርዳል፣ በግቢው ዋይፋይ በሁለቱም ላፕቶፕ አይወርድም፣ ሌሎች ፋይሎች ግን ይወርዳሉ? ከልካዩ የግቢው ፋየርዎል ነው ብሎ መናገር ይቻላል። በዳታም አልወርድ ካለ ድረ ገጹን ጠርጥሩ።

ጀምሮ መሃል ላይ የሚቆም ከሆነ አቋቋሙን እዩ። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ደቂቃ ከቆመ ሎግኢኑ ነው። ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሜጋባይት ከቆመ የመጠን ገደብ አለ። አንዴ አሥር፣ አንዴ ሰባ ፐርሰንት ላይ እንዳሻው ከቆመ ሲግናሉ ደካማ ነው፤ ቦታ ቀይሩ። ዶርም ውስጥ አልጋ ላይ ሆናችሁ የሚቆራረጠው፣ ቤተ መጻሕፍት ስትገቡ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ታዩታላችሁ። የኔትወርክ ገመድ ያለበት ላብ ካለ ደግሞ ከሁሉም እሱ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ሎግኢኑና ሰዓቱ

ወርዷል፣ ግን አይከፈትም የሚባል ፋይል አለ። መጽሐፉ 12 ሜጋባይት መሆን ሲገባው የወረደው 3 ኪሎባይት ነው። ፒዲኤፍ ማንበቢያው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል። ይሄን ስታዩ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጉና በኖትፓድ ክፈቱት። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ ስከፍት ውስጡ የተገኘው የመጽሐፍ ምዕራፍ አልነበረም። ከብዙ የኮድ ምልክት መሃል «ዩዘርኔም»፣ «ፓስወርድ» የሚሉ ቃላትና የግቢው ስም ተጽፎ ነበር። ኮምፒውተሩ ያወረደው መጽሐፉን ሳይሆን የሎግኢን ገጹን ነበር! ሎግኢኑ አልቆ፣ ኔትወርኩ በመጽሐፉ ፈንታ «መጀመሪያ ግባ» የሚለውን ገጽ ሰጠው። ብሮውዘሩም እሱኑ በመጽሐፉ ስም አስቀመጠው።

ስለዚህ ትልቅ ነገር ከማውረዳችሁ በፊት ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ሰዓቱ ከዚያ ይቆጠራል። የሎግኢን ገጹ ጭራሽ አልመጣ ካለ፣ ከዚህ በፊት ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን ሴቲንግ) የቀየረላችሁ ጓደኛ ካለ አስታውሱ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እሱ ነው። ወደ አውቶማቲክ መልሱት።

ሰዓት ስል ደግሞ የኮምፒውተሩን ሰዓትና ቀን ማለቴም ነው። የላብ አሮጌ ኮምፒውተሮች ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒውተር የድረ ገጾችን ሰርተፊኬት አይቀበልም። ሁሉም ነገር «አስተማማኝ አይደለም» ይባላል። ቀኑን አስተካክላችሁ ብሮውዘሩን ዝጉና ክፈቱ። አለቀ።

አራተኛ፦ የራሳችሁ ኮምፒውተር

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የሚከለክለው አንዳንዴ ልክ ስለሆነ ነው።

ክሮም «ኢንሴኪዩር» ብሎ የሚያግደው፣ ፋይሉ ባልተቆለፈ (ባልተመሰጠረ) መንገድ ሲመጣ ነው። አድራሻው መጀመሪያ ላይ «ኤችቲቲፒ» ብቻ ከሆነ «ኤስ» ጨምራችሁ ሞክሩት። ብዙ ድረ ገጽ ሁለቱም አለው።

ወርዶ አልከፈት የሚል የዎርድ ወይም የሄልፕ ፋይል ደግሞ አለ። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የመጣ ፋይል ላይ ምልክት ያደርግበታል። ፋይሉን ራይት ክሊክ፣ ከዚያ ፕሮፐርቲስ። «ጄኔራል» በሚለው ገጽ ታችኛው ጫፍ ላይ «አንብሎክ» የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉና «ኦኬ» በሉ። ይህን የምታደርጉት ግን ፋይሉ ከየት እንደመጣ ስታውቁ ብቻ ነው። ከመምህር በኢሜይል የመጣ ከሆነ እሺ። ቴሌግራም ቻናል ላይ ያገኛችሁት ክራክ የተደረገ ፕሮግራም ከሆነ አይሆንም።

አንቲቫይረሱ ከከለከለ፣ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» የሚል አለ። የፋይሉንና የተባለውን ቫይረስ ስም እዩ። የፋይሉን ሊንክ «ቫይረስ ቶታል» ላይ አስገብታችሁ ሌሎች አንቲቫይረሶች የሚሉትን መስማት ይቻላል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ የራሳችሁን ያልታተመ ጥናት ወይም የታካሚ መረጃ ያለበትን ፋይል እዚያ አትጫኑ። እዚያ የተጫነ ፋይል ሌሎች ሰዎች እጅ ሊገባ ይችላል። የጤና ተማሪዎች፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው።

አንቲቫይረስ አጥፍቶ ማውረድን አልመክርም። ፍላሽ በሚዟዟርበት ግቢ የአንዱ ላፕቶፕ ሲታመም ለአንዱ ዶርም ይተርፋል። ጽሑፉን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፋይሎቹ ሁሉ ተቆልፈው ገንዘብ የተጠየቀበትን ልጅ አይቻለሁ። አልተመለሰለትም።

አምስተኛ፦ ፋየርዎሉ ነው ካላችሁ፣ ምኑን እንደከለከለ እወቁ

የግቢ ፋየርዎል የሚከለክለው በተለያየ ምክንያት ነው። በፋይል ዓይነት ይከለክላል፤ «ኢኤክስኢ»፣ «አይኤስኦ»፣ አንዳንዴም ዚፕና ራር። በተለይ ፓስወርድ ያለበት ዚፕ ውስጡ ስለማይታይ ቶሎ ይታገዳል። በመጠን ይከለክላል። በድረ ገጽ ዓይነትም ይከለክላል፤ «ፋይል ማጋሪያ» ተብሎ የተመደበ ድረ ገጽ በሙሉ ሊዘጋ ይችላል። ቶረንትን (ፋይልን ከብዙ ሰዎች ኮምፒውተር በአንዴ የሚያወርደውን ዘዴ) ደግሞ ብዙ ግቢ ይከለክላል፤ አንድ ሰው ቶረንት ሲከፍት መቶ ሰው ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፍበታል። የግቢው መስመር የሁላችን ነው። ይህን የሚጠብቁትን ልጆች እንደ ጠላት ማየት ልክ አይመስለኝም።

አብዛኛው ሰው የሚያልፋት አንዲት ነገር እነሆ። ገጹና ፋይሉ የሚመጡት ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ አይደለም። የፕሮግራም ኮድ የሚጋራበትን ጊትሀብን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ገጹ ግቢ ውስጥ ፏ ብሎ ይከፈታል። ማውረጃውን ስትጫኑ ግን ፋይሉ የሚመጣው ሌላ ስም ካለው ሰርቨር ነው። ያ ሁለተኛው ስም ከታገደ፣ ገጹ እየተከፈተ ፋይሉ አይወርድም። ተማሪው አይሲቲ ሄዶ «ጊትሀብ ተዘግቷል» ይላል። የአይሲቲው ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ይከፍተዋል፣ ይከፈታል። «ይሠራል እኮ» ይለዋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱም ተናደው ይለያያሉ።

ስለዚህ የፋይሉን ትክክለኛ አድራሻ ያዙ። ኮንትሮልና «ጄ» ብላችሁ ከምታዩት ዝርዝር ውስጥ የፋይሉን ሊንክ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ኮፒ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ ጠለቅ ማለት ከፈለጋችሁ «ኤፍ 12»ን ተጫኑ፤ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፈቱ፤ ማውረጃውን እንደገና ተጫኑ። ከሚመጡት መስመሮች ውስጥ ቀይ የሆነው ላይ የታገደው አድራሻ ከነቁጥሩ ይታያል። እሱን ፎቶ አንሡት።

ስድስተኛ፦ ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ሌላ በር አለ ወይ?

ብዙ ጊዜ አለ። የተከለከለው መጫኛ ፋይል ከሆነ፣ የሶፍትዌሩ ባለቤት በሌላ ሰርቨርም አስቀምጦት ይሆናል። «አር» የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር በብዙ አገር ኮፒው ተቀምጧል፤ ከአንዱ አልወርድ ሲል ሌላውን መምረጥ ይቻላል። ሊኑክስ በቶረንት ብቻ የሚገኝ የሚመስለው አለ። ቀጥታ ማውረጃውም እዚያው ገጽ ላይ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ማውረዱ ራሱ አያስፈልግም። በላቴክ (የጥናት ጽሑፍ ማዘጋጃ ሶፍትዌር) ለመጻፍ ብዙ ጊጋባይት ከምታወርዱ ኦቨርሊፍ ላይ በብሮውዘር መጻፍ ይቻላል። ፓይተን ለመለማመድ ጉግል ኮላብ አለ። ትልቅ ዳታ ከሆነ እዚያው ኮላብ ላይ ከፍታችሁ፣ የምትፈልጉትን ዓመት ወይም ወረዳ ብቻ ቆርጣችሁ፣ ያቺን ትንሽ ፋይል ማውረድ ትችላላችሁ። የሳተላይት ምስልም ቢሆን ሁሉንም የቀለም ባንድ ማውረድ ግዴታ አይደለም። የሚያስፈልጓችሁን ሁለት ሦስት ባንዶች ለብቻ ማውረድ የሚያስችሉ ድረ ገጾች አሉ።

ለጆርናል ጽሑፍ ሲሆን መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱን ጠይቁ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ፕሮግራም ለእኛ ዓይነት አገር ተቋማት ውድ የሆኑ ጆርናሎችን በነፃ ይከፍታል። የጤናው ክፍል ሂናሪ ይባላል፤ የግብርናው አጎራ። ሐረር ላለ የጤና ተማሪና ሐረማያ ላለ የግብርና ተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ፓስወርዱ ያለው ቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ጋ ነው፤ የተመዘገበ ተቋም ተማሪ መጠየቅ መብቱ ነው። ብዙ ተማሪ ግን አይጠይቅም። ፐብመድ ሴንትራልና የክፍት ጆርናሎች ማውጫው ዶአጅ ደግሞ ፓስወርድ እንኳ አይፈልጉም። «ኢተርኔት» (EthERNet) በተባለው የአገር ውስጥ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ በኩል የሚገኘው ብሔራዊ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም አለ። ሌላው ቢቀር ለጸሐፊው አጭር ኢሜይል መላክ ነው። ጸሐፊዎች ጽሑፋቸው ሲጠየቅ ደስ ይላቸዋል፤ ብዙዎቹ ይልካሉ።

ነፃ ቪፒኤንስ? በዚህ ጉዳይ ሐሳቤን ቀጥ አድርጌ ልናገር። ቪፒኤን ኢንተርኔታችሁን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ ፕሮግራም ነው፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ነፃ ቪፒኤን ስትጭኑ የምትሠሩት ሁሉ በማታውቁት ሰው እጅ ያልፋል። የኢሜይላችሁ፣ የባንካችሁ ነገር አለ። የግቢውን ደንብ ከጣሳችሁ ደግሞ አካውንታችሁ ሊዘጋ ይችላል። የመምህር ፓስወርድ ተውሶ መግባት ከዚያም የባሰ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስጠይቃል። ለአንድ ፋይል ብላችሁ ራሳችሁንም፣ ያመናችሁንም መምህር ጣጣ ውስጥ አትክተቱ።

ሰባተኛ፦ ማስፈቀድ

እኛ አገር መጠየቅ እንደ ልመና ይታያል። አይደለም። የሚያስፈልገውን መረጃ ይዞ የሚመጣ ተማሪ የአይሲቲውን ልጅ ሥራ ያቀልለታል። «ኢንተርኔት አይሠራም» ብሎ ከሚመጣ ሰው ጋር ግማሽ ቀን ያልቃል። አድራሻ፣ ሰዓትና ፎቶ ይዞ የመጣ ግን አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱ ሰዓቱን ይዞ የፋየርዎሉን መዝገብ ያያል፣ የታገደበትን ምክንያት እዚያው ያገኘዋል። ሰዓቱን ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጠዋት ሂዱ፤ ሙቀቱ ሳይበረታ። በቃል ሲሆን የድሬ ሰው ነን፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ብለን እንግባባለን። ወረቀቱ ላይ ግን በአክብሮት ጻፉ። ከአማካሪያችሁ ፊርማ ወይም አንድ መስመር ኢሜይል ካገኛችሁ ነገሩ ይፈጥናል። አንድ ተማሪ ጽፎ የተሳካለትን ደብዳቤ፣ የግል መረጃውን ሰርዤ እዚህ አስቀምጣለሁ።

«ጉዳዩ፦ ለትምህርት የሚያስፈልግ ፋይል እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ።

እኔ በ… ትምህርት ክፍል የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመታወቂያ ቁጥሬ … ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ አር የተባለውን ነፃ የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር መጫን ያስፈልገኛል። ማክሰኞ ከጠዋቱ 4:20 ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ ለማውረድ ስሞክር የፋይሉ ዓይነት እንደታገደ የሚገልጽ ገጽ መጥቷል። በዚያው ዋይፋይ በሌላ ላፕቶፕ ሞክሬ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ግን መውረድ ይጀምራል። የፋይሉ መጠን ወደ 80 ሜጋባይት ነው። ሙሉ አድራሻውና የስክሪኑ ፎቶ ተያይዟል። ረቂቁን የማስረክበው … ስለሆነ ከዚያ በፊት አድራሻው እንዲፈቀድልኝ፣ ይህ ካልተቻለ ፋይሉ በቢሮው በኩል ወርዶ እንዲሰጠኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትርሷት። ሁለት አማራጭ ሰጥታለች። ፖሊሲ መቀየር የኮሚቴ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ፋይል አውርዶ በፍላሽ መስጠት ግን የማንንም ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ይህ ተማሪ ያገኘው ሁለተኛውን ነው፤ በማግሥቱ።

በሦስት ቀን መልስ ካልመጣ ተመለሱ። ያንኑ ወረቀት ይዛችሁ፣ በትሕትና። በአንድ ክፍል አሥር ሰው ያንኑ ፋይል የሚፈልግ ከሆነ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በአንድ ደብዳቤ ይጠይቅላችሁ።

ስምንተኛ፦ ከተፈቀደ በኋላ

ትልቅ ፋይል ከሆነ ሰው በተኛበት ሰዓት አውርዱ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ 12 ባለው ጊዜ ያለው ፍጥነት ከማታ 3 ሰዓቱ ጋር አይወዳደርም። በ5 ሜጋቢት ፍጥነት ያ 700 ሜጋባይት 19 ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። ላፕቶፑ መሃል ላይ እንዳይተኛ የስሊፕ ሴቲንጉን አስተካክሉ፤ ክዳኑን አትዝጉ። ሲቆረጥ «ሪዙም» በሉት እንጂ ከዜሮ አትጀምሩ። የማውረጃ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ በአንዴ የሚከፍታቸውን መስመሮች ወደ ሁለት ወይም ሦስት ዝቅ አድርጉ። አሥራ ስድስት መስመር ሲከፈት ፋየርዎሉ እንደ ጥቃት ቆጥሮ ሊያግዳችሁ ይችላል፤ ጎን ያለው ሰውም ይጎዳል።

በፍላሽ ለመውሰድ ስትሞክሩ «ፋይሉ ትልቅ ነው» ካላችሁ፣ ፍላሹ ውስጥ ቦታ እያለ፣ ፍላሹ በ«ፋት 32» የተዘጋጀ ነው። ያ ዓይነት ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። በውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡና «ኤክስፋት» አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት።

ፋይሉ በትክክል መውረዱንም አረጋግጡ። ብዙ ድረ ገጽ ከማውረጃው አጠገብ «ሻ 256» የሚል ረጅም የቁጥርና የፊደል ሰንሰለት ያስቀምጣል። ሰቨን ዚፕ ከጫናችሁ፣ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ከሰቨን ዚፕ ዝርዝር ውስጥ «ሻ 256»ን ስትመርጡ የእናንተን ፋይል ሰንሰለት ያሳያችኋል። ሁለቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መሆን አለባቸው። አንድ ፊደል ከተለያየ አትጫኑት፤ እንደገና አውርዱ።

ከዚያ የክፍላችሁን ተጠሪ ጥሩት። ሶፍትዌሩ በነፃ ማጋራት የሚፈቅድ ከሆነ ፋይሉን ከነሰንሰለቱ በላቡ የጋራ ፎልደር ላይ ያስቀምጠው። ያቺ የሳተላይት ምስል ያወረደችው ልጅ እንዲህ ነበር ያደረገችው። በዚያ ሳምንት አምስት የክፍሏ ልጆች ያንኑ ምስል ከላቡ በገመድ ወሰዱት፤ አንዳቸውም ኢንተርኔት አልነኩም።